ሐሞቴ የምር ፈሶ ነበር፣ ግን "ሐሞታችሁን አታስወጡ" ለሚለው ጽሑፍ ይቺን ልመልስ

ሰሞኑን "ሐሞታችሁን አታስወጡ" የሚል ረዥም ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ነበር፣ እኔ ጋ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል፣ አንዷማ "አንቺን አስታወሰኝ" ብላ ነው የላከችው፣ እግዜር ይስጣት። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው። የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ካደረገ ሰው ከአምስቱ አንዱ የሐሞት ቱቦው ይቆረጣል፣ ይሄ ጣጣ የመጣው በካሜራ (ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳ) መስራት ከተጀመረ ወዲህ ነው፣ ምክንያቱ የሐኪሞች ቸልተኝነት ነው፣ አንዴ ከተነካ መዳኛ የለውም፣ ከረጢቱ ከወጣ ጉበት ሐሞት ማምረት ያቆማል፣ ስለዚህ ጠጠሩን በዘይትና በሎሚ አስወጡት። ቀድሞ ለተሰራላቸው ሰዎች ደሞ "አይናችሁ ቢጫ ካልሆነ አትስጉ፣ ቢጫ ከሆነም ወደቆረጧችሁ ሰዎች አትመለሱ፣ ባህላዊውን ሞክሩ" ይላል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

እኔ ሐኪም አደለሁም። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ስራዬ ሂሳብ ነው። ሰው ሲፈራ ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን አደል? እኔ ከሁለት አመት በፊት በፈሊጥ ሳይሆን የምር ሆዴ ውስጥ ፈሶብኛል፣ ከዛ በፍርሀትም ፈሷል፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ልምድ አለኝ ማለት ነው። ተኝቼ ባሳለፍኩት ጊዜ ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ እስኪሰለቹኝ ጠይቄያለሁ፣ ከወጣሁ በኋላም ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። ጸሐፊው አንዳንድ ቦታ እውነቱን ነው፣ እሱንም እናገራለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሰውየው ከረጢቱንና ቱቦውን እያምታታ ስለሆነ እሱን ላጥራ።

ቅርጫ ላይ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ጉበቱ ሲወጣ ሁሌ "ቀስ፣ ቀስ" የሚል ሰው አለ። ከጉበቱ ስር የተለጠፈች አረንጓዴ ከረጢት አለች፣ እሷ ከፈነዳች ጉበቱ በሙሉ ይመራል፣ ስለዚህ እጁ የሚታመን ሰው ነው የሚያነሳት። በሰውም ያው እዛው ናት። ሐሞትን የሚሰራው ግን እሷ ሳትሆን ጉበት ነው፣ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ይሰራል፣ ከረጢቷ የምትይዘው ግን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ አንድ የቡና ስኒ በሉት። ከጉበት ወደ ትንሹ አንጀት የሚወርድ ዋና ቱቦ አለ፣ ከረጢቷ ከዛ ቱቦ ጋ በአንዲት ቀጭን አጭር ቱቦ ነው የምትገናኘው። እኛ ሰፈር ያለ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም፣ ዋናው መስመር አለ፣ ጎን ላይ ደሞ ሮቶ አለ። ሮቶው ቢነሳ ውሃው በመስመሩ መምጣቱን አያቆምም፣ የሚቀረው ማጠራቀሙ ነው። (እኛ ጋ መስመሩም በወረፋ ነው የሚመጣው፣ ጉበት ግን ወረፋ የለውም።) ስለዚህ "ጉበት ማምረት ያቆማል" የሚለው በቃ ስህተት ነው። ሐሞቱ ሳይጠራቀም ቀጥታ አንጀት ውስጥ ይንጠባጠባል፣ አንዳንድ ሰው በዚህ የተነሳ መጀመሪያ ሰሞን ቅባት ሲበላ ያስቀምጠዋል፣ እኔንም ለአንድ ወር ገደማ አስቸግሮኛል፣ ከዛ ተወኝ። አንዳንዱን ደሞ ይቆይበትና መድሀኒት ይሰጠዋል። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። "ከአምስት ሰው አንዱ" የሚለውን ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል፣ ጽሑፉ ላይ አልጻፈም። ስለ ዋናው ቱቦ መጎዳት የተጻፉት ጥናቶች ባብዛኛው የሚያወጡት ከ1000 ሰው ከ1 እስከ 5 ባለው መሀል ነው። ተቆርጣ ከቀረችው ከትንሿ ቱቦ ጉቶ ወይም ከረጢቷ ተለጥፋበት ከነበረው የጉበት ቦታ ላይ ካሉ ጥቃቅን ቱቦዎች የሚፈሰውን፣ ማለትም የኔን አይነቱን፣ ሲጨምሩበት 1 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ይሄን ስል ግን እንደ ማጽናኛ እንዳትወስዱት፣ ምክንያቱም እኔ "ከመቶ አንድ ሰው ብቻ" ሲሉኝ ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፣ ለኔ መቶ በመቶ ነው። ግን ደሞ በየአመቱ በአለም ላይ ስንት ሚሊዮን ሰው ይሄን ኦፕራሲዮን አድርጎ በሳምንቱ ስራ እንደሚገባ እያወቁ ሰው ማስፈራራት ልክ አደለም።

"በካሜራ ስለሚሰራ ነው" ለሚለው ደሞ ግማሽ እውነት አለው። በካሜራ መስራት ሲጀመር፣ የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1985 (ከዚህ በኋላ የምጠራው አመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ጀርመን ውስጥ ኤሪክ ሙህ የሚባል ሰርጀን የሰራው ነው፣ ከዛ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁሉም ሲጣደፍበት የቱቦ ጉዳት ከድሮው ክፍት ኦፕራሲዮን በእጥፍም ከዛም በላይ ጨምሮ ነበር። ይሄ የታወቀ ነው፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው የጻፉት ነው። ግን "ከዛ በፊት አልነበረም" ማለት ሌላ ነገር ነው።

እንደውም ምሳሌው እኛ የምናውቀው ሰው ነው። አንቶኒ ኢደን፣ እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 ሮም ድረስ ሄዶ ሙሶሎኒን ያነጋገረው፣ በ1941 ደሞ በእንግሊዝ ፓርላማ ኢትዮጵያ ነፃ አገር ሆና ንጉሱ እንዲመለሱ መንግስታቸው እንደሚደግፍ ያስታወቀው፣ እሱ ነው። በ1953 ሚያዝያ ለንደን ውስጥ የሐሞት ከረጢቱን ሊያስወጣ ገባ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ያኔ ካሜራ የሚባል ነገር የለም፣ ሊመጣ ገና 32 አመት ይቀረዋል። ቱቦው ተነካ። እንደገና ከፈቱት፣ አልሆነም። ከዛ አሜሪካ ቦስተን ወስደውት ሪቻርድ ካቴል የሚባል በዚሁ ስራ የታወቀ ሰርጀን ጠገነው። በ1955 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ በ1956 በግብፁ የስዊዝ ቦይ ቀውስ መሀል ከቱቦው ጉዳት የመጣ ትኩሳት እየተመላለሰ ያንቀጠቅጠው ነበር፣ በ1957 መጀመሪያ በጤናው ምክንያት ስልጣን ለቀቀ፣ ከዛም ደጋግሞ ተከፍቷል። የሞተው በ1977 ነው፣ በ79 አመቱ። በአንድ ሰው ታሪክ የጸሐፊው ሁለት ነጥብ ወደቀ እኮ፣ ካሜራ አልነበረም፣ እና ከተነካ በኋላ 24 አመት ኖሯል። ቀላል ኑሮ ነበር አላልኩም። ግን ያኔ ኢአርሲፒ (በአፍ ካሜራ አስገብቶ የሐሞት ቱቦን ማከሚያ) የለም፣ ኤምአርአይ የለም፣ አልትራሳውንድ እንኳን የለም።

"ቸልተኝነት ነው" የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ተናድጄ ስለነበር ለወራት እንደዛ ነበር የማስበው። በ2003 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ በካሜራ ሲሰራ ቱቦ የተጎዳባቸው 252 ሰዎችን አንድ በአንድ መርምረው 97 በመቶው ላይ ዋናው ምክንያት የአይን ስህተት ሆኖ አገኙት። ሰርጀኑ እጁ ስለተንቀጠቀጠ ወይ ስለቸኮለ ሳይሆን ዋናውን ቱቦ አይቶ "ትንሿ ቱቦ ናት" ብሎ ከልቡ አምኖ ነው የሚቆርጠው። ከረጢቷ ስትቆጣ ዙሪያው ይደማል፣ ይጣበቃል፣ ከረጢቷን ወደ ላይ ስትስባት ሁለቱ ቱቦዎች አንድ መስመር ሆነው ይታያሉ፣ በዛ ላይ የቱቦ አቀማመጥ ከሰው ሰው ይለያያል፣ አንዳንዱ ሰው ተጨማሪ ቱቦ አለው። ማታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራስህ ብሎክ መስሎህ የሰው በር ቁልፍ አስገብተህ ታውቃለህ? እሱ ነው። ቁልፉን ያስገባው ሰው ቸልተኛ አልነበረም፣ እርግጠኛ ነበር፣ ችግሩም እሱ እርግጠኝነቱ ነው።

ለዚህ መላ የተባለው አለ። ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሰርጀን በ1995 ያስቀመጠው ነው፣ ምንም ነገር ከመቆረጡ በፊት ስቡ ይጠረግና ወደ ከረጢቷ የሚገቡ ሁለት ነገር ብቻ፣ አንድ ቱቦና አንድ የደም ስር፣ በግልጽ መታየት አለባቸው፣ የከረጢቷ የታችኛው ክፍልም ከጉበት ተላቆ ጀርባው መታየት አለበት። ካልታየ አይቆረጥም። ወይ ሌላ ሰርጀን ይጠራል፣ ወይ በራጅ ቱቦው ይታያል፣ ወይ ከረጢቷ በከፊል ተወስዳ ከፊሏ ትቀራለች፣ ወይ ሆድ ይከፈታል። እና እባካችሁ፣ በካሜራ ተጀምሮ ሆዱ የተከፈተ ዘመድ ካላችሁ "አበላሹት" እያላችሁ አታውሩ፣ ብዙ ጊዜ እኮ ያ ሰርጀን ቆም ብሎ ያሰበው ነው።

ታድያ ቸልተኝነት የለም ወይ? አለ እንጂ። እኔን የጎዳኝ ግን ሆድ ውስጥ ያለው ሳይሆን ከሆድ ውጪ ያለው ነው። ሐሙስ ቀን ተሰራሁ፣ አርብ ወደ ቤት ሂጂ ተባልኩ፣ ይሄ ያለ ነገር ነው። ቅዳሜና እሁድ ቀኝ ትከሻዬን ሲወጋኝ ዋለ። ደወልኩ፣ "ጋዙ ነው" አሉኝ፣ እውነትም በካሜራ ሲሰራ ሆድ በጋዝ ስለሚነፋ ለሁለት ሶስት ቀን ትከሻ ያማል፣ የተለመደ ነው። ችግሩ ጋዝ ከሆነ በየቀኑ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ የኔ ደሞ እየባሰ ነው የሄደው፣ ይቺን ልዩነት ግን ማንም አልነገረኝም። ሰኞ ምግብ አስጠላኝ። የታችኛው ፎቅ ያሉት እትዬ አጥሚት ይዘው መጥተው "አይንሽን ልየው" አሉ፣ አዩ፣ "ነጭ ነው፣ ደህና ነሽ" አሉ። እኔም ተጽናናሁ። ማክሰኞ ማታ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ትኩሳቴ 38.6 ገባ፣ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አራት ፎቅ አወረዱኝ፣ ሊፍት የለም መቼስ፣ በየእረፍቱ ሲያስቀምጡኝ የነበረውን ህመም እስካሁን አስታውሰዋለሁ። መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ ተረኛው "ጨጓራ ነው" ብሎ ኦሜፕራዞል ጽፎ መለሰን። ከሶስት ቀን በፊት ሆዷ የተቀደደ... ይቅርታ፣ ከአምስት ቀን በፊት፣ ሴትዮ መጥታ ጨጓራ! ሌሊቱን ባለቤቴ እምቢ ብሎ ሌላ ቦታ ወሰደኝ፣ እዛ አልትራሳውንድ አዩና ሆዴ ውስጥ ፈሳሽ ተገኘ፣ በመርፌ ሲወጉት ሐሞት።

እዚህ ላይ ነው "አይናችሁ ቢጫ ካልሆነ አትስጉ" የሚለው ሰው የሚገድለው። አስቡት እስቲ፣ አይን ቢጫ የሚሆነው ሐሞት መውረጃ አጥቶ ወደ ደም ሲመለስ ነው፣ ማለትም ቱቦው ሲዘጋ ወይ ሲታነቅ። የኔ አልተዘጋም፣ ቀዳዳ አገኘና ሆድ ውስጥ ነው የሚደፋው። ቢጫ ሳይሆን ስንት ቀን ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንዴ ትንሽ ብቻ ነው የሚቀያየረው። የሆድ መነፋት፣ እየባሰ የሚሄድ ህመም፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ምግብ መዝጋት፣ ከቁስሉ ወይም ከድሬኑ (ፈሳሽ እንዲያወጣ ሆድ ውስጥ ከሚተወው ቱቦ) አረንጓዴ ቢጫ ነገር መውጣት፣ እነዚህ ናቸው የሚቀድሙት። ቢጫው ደሞ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፣ ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል፣ ሰገራ እንደ ጀሶ ይነጣል፣ ገላ ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል። እና ይሄ ሁለተኛው በሳምንቱ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ቱቦው በክሊፕ (በመቆንጠጫ) ተይዞ ወይም ሙቀት ነክቶት ቀስ እያለ ጠባሳ ሰርቶ ሲጠብ ከወራት በኋላ፣ ከአመታትም በኋላ ሊመጣ ይችላል። ወይም ከመጀመሪያው ቱቦው ውስጥ ገብታ የቀረች ጠጠር ትኖራለች። ስለዚህ ሐሞቱን ያስወጣ ሰው ከሁለት አመት በኋላም ቢጫ ቢሆን ለሐኪሙ "ሐሞቴ ወጥቷል" ብሎ መጀመሪያ መናገር አለበት።

"ከተነካ መዳኛ የለውም" ላለው፣ ይኸው አለሁ። የኔ ትንሿ ቱቦ ጉቶዋ ላይ ነበር የፈሰሰው። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ እያዩ ጎኔ ላይ ቱቦ አስገብተው የተጠራቀመውን አወጡት፣ ፈሳሹ የሚጠራቀምበት የላስቲክ ከረጢት አንጠልጥዬ ነበር የምዞረው፣ በቀን አራት መቶ ሚሊ ሊትር ይወጣ ነበር፣ ሂሳብ ሰራተኛ ስለሆንኩ በየቀኑ መዝግቤዋለሁ። ከዛ ኢአርሲፒ የሚባለውን አደረጉልኝ፣ በአፍ ካሜራ አስገብተው አንጀት ላይ ያለውን የሐሞት ቱቦ አፍ አግኝተው ስቴንት የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከተቱበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ቱቦው አንጀት ጋ ሲደርስ የምትጨብጥ ጡንቻ አለች፣ እሷ ስትጨብጥ ሐሞቱ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፣ ስቴንቱ እሷን ከፍቶ ከያዛት ሐሞት ቀላሉን መንገድ መርጦ ወደ አንጀት ይወርዳል፣ ቀዳዳው ደርቆ ይዘጋል። በአራተኛው ቀን ያንጠለጠልኩት የላስቲክ ከረጢት ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር። ሆዴን እንደገና ማንም አልከፈተውም። እዚህ አገር ይሄን የሚሰሩ ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው እውነት ነው፣ ወረፋውም ዋጋውም አልጋ ባልጋ አደለም፣ ለዛ ነው ቶሎ መሄድ የሚያስፈልገው፣ ሪፈር የሚጻፈው ቀድሞ ለደረሰ ነው።

ከኔ አጠገብ የተኙት እናት ግን ሌላ ነበሩ። ከዱከም ወዲያ ነው የመጡት፣ ዋናው ቱቦ ነበር የተነካባቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በአስረኛው ቀን አይናቸው ቢጫ ሲሆን ቤተሰብ "የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንቶባቸው ነው" ብሎ ክንዳቸው ላይ ቅጠል አሳሰራቸው፣ ቅጠሉ ቆዳቸውን አቃጥሎ ውሃ ቋጥሮ ነበር፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ። "ወደቆረጧችሁ አትመለሱ" ብሎ የሚመክር ጎረቤት እሳቸውም ነበራቸው ማለት ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ኢንፌክሽኑ ወደ ጉበት ወጥቶ ነበር፣ እየተንቀጠቀጡ ነበር የሚያድሩት፣ ሌሊት ሲያክኩ ድምፁ ይሰማኛል። ማንንም አልወቅስም፣ አይን ቢጫ ሲሆን እኛ አገር መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ እሱ ነው፣ ግን ስሙ ነው ያሳሳተው። የወፍ በሽታ የምንለው እኮ ምልክት ነው፣ ከጉበት ቫይረስም ይመጣል፣ ከታነቀ ቱቦም ይመጣል፣ የታነቀን ቱቦ ደሞ ክንድ ላይ የታሰረ ቅጠል አይፈታውም።

እሳቸውን መጀመሪያ ከውጪ በጉበታቸው በኩል ቱቦ አስገብተው ሐሞቱን አስተነፈሱላቸው፣ አንቲባዮቲክ ሰጧቸው፣ ወደ ቤት ልከው አበረቷቸውና ከወራት በኋላ ትልቁን ጥገና ሰሩላቸው። ከትንሹ አንጀት አንድ ቁራጭ ወደ ላይ ስበው ከጉበት በሚወጣው ቱቦ ጫፍ ላይ ይሰፉታል፣ ሐሞቱ ቀጥታ አንጀት ውስጥ ይገባል። ከባድ ስራ ነው፣ ለዛም ነው ማን ይስራው የሚለው ከምንም በላይ የሚወስነው። በ1995 የወጣ ጥናት ላይ የጎዳው ሰርጀን ራሱ መጀመሪያ ሊጠግን ሲሞክር የተሳካው 17 በመቶ ነበር፣ በዚህ ስራ የተካኑት ሲሰሩት ግን 94 በመቶ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋ ትንሽ እቀራረባለሁ። "ወደሰራችሁ ሰው አትመለሱ" ሳይሆን "ወደሰራችሁ ሰው ሩጡ፣ የተደረገውን ጽፎ ይስጣችሁ፣ ከዛ ይሄን አዘውትሮ ወደሚሰራ ቦታ ሪፈር ያድርጋችሁ" ቢል ኖሮ እጁን እስመው ነበር። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ኮፒ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፣ እኔ ሁለተኛው ሆስፒታል ስደርስ በእጄ የነበረው የመድሀኒት ማዘዣ ብቻ ነበር። እናትየውን ባለፈው ገና ደውዬላቸው ነበር፣ እንቁላል እየሸጡ ነው።

ሌላም እውነቱን የተናገረበት አለ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የምንፈርመው የስምምነት ፎርም። የምንፈርመውን አናነብም፣ የኔው ፎርም ላይ የቱቦ ጉዳት የሚለው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፣ ነርሷ እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች፣ አልጋው እየተገፋ ነው፣ ፈረምኩ። ያኔ አንድ ሰው በአማርኛ "እንዲህ እንዲህ ከሆንሽ በዚህ ቁጥር ደውለሽ ነይ" ቢለኝ ሶስት ቀን አተርፍ ነበር። እንዲሁም "ጠጠር የተገኘበት ሁሉ አይሰራ" ያለው ልክ ነው፣ ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ሲታይ የተገኘች፣ አሞ የማታውቅ ጠጠር ብዙ ጊዜ ትተዋለች፣ በአመት ወደ ህመም የምትለወጠው ከመቶ ሰው በጥቂቱ ላይ ብቻ ነው። ግን ደጋግሞ ለሚያመው ሰው መቆየቱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ከረጢቱ ይመግላል፣ ጠጠሯ ወርዳ ቆሽትን ታስቆጣለች፣ ደሞ በቆየ ቁጥር እየተጣበቀ ያው ፈራነው ያልነው የቱቦ ጉዳት እድሉ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ይሄን ጽሑፉ አንድ ቦታ እንኳን አላነሳም።

ዘይትና ሎሚውን ልርሳው ብዬ ነበር፣ ግን አክስቴ ሞክራዋለች። አንድ ብርጭቆ የወይራ ዘይት ጠጥታ በማግስቱ አረንጓዴ ለስላሳ ድብልብል ነገር አወጣች፣ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ (ምሳ ላይ ነበርኩ)። በ2005 ላንሴት የተባለው የህክምና መጽሔት ላይ የኒውዚላንድ ሐኪሞች እንዲህ አይነቱን "ጠጠር" ላብራቶሪ አስገብተው 75 በመቶው የስብ አሲድ ሆኖ አገኙት፣ 40 ዲግሪ ላይ ቀለጠ። ዘይቱ ራሱ ሆድ ውስጥ ሳሙና ሆኖ ነው የወጣው። የአክስቴ ጠጠር በአልትራሳውንድ ሲታይ አሁንም እዛው ናት፣ ዘይቱ ግን አልቋል፣ የዘይት ዋጋ ደሞ ታውቁታላችሁ።

ስቴንቱ "እድሜ ልክ ውስጥ ይቀራል" ላለውም ይቺን ልበል። አይቀርም፣ የፕላስቲኩ መውጣት አለበት፣ ከሶስት ወር በላይ ሲቆይ ይደፈናል፣ ሲደፈን ደሞ መልሶ ትኩሳትና ቢጫ ያመጣል። የኔ በስድስተኛው ሳምንት ነው የወጣው፣ በአፍ፣ በደቂቃዎች ውስጥ። ሆስፒታሉ ግን ደውሎ አላስታወሰኝም፣ ባለቤቴ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፎት ነበር፣ እሱ ነው ያስታወሰኝ። ወረቀቱ እስካሁን እዛው ነው፣ ልጆቹ ስር ስሩን ስእል ስለውበታል።